ወተትሽ አይበቃትም ለተባልሽ እናት፦ ቤት ድረስ ስለመጡልኝ ሲስተር እና ከእሳቸው በፊት ስለገዛኋቸው ዕቃዎች

አራስ ጥየቃ የመጣ ሰው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካለ በኋላ የሚያስከትለው ጥያቄ አንድ ነው። «ወተት አለሽ?» መጀመሪያ ሰሞን «ተመስገን፣ አለኝ» እል ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ልጄ ከጡት አልላቀቅ አለች። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ትጀምራለች፣ እስከ ማታ 4 ሰዓት አትተወኝም። ግማሽ ሰዓት ጠብታ ታሸልባለች፣ ተኛችልኝ ብዬ አስቀምጫት አንድ ሲኒ ሻይ ሳልጨርስ ታለቅሳለች፣ እንደገና አነሳታለሁ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ እያዟዟርኩ አጠባታለሁ። ማታ ላይ ጡቴን ስነካው ለስልሷል። መጀመሪያ ሳምንት አጋቶ ድንጋይ ሆኖ ልብሴን ሲያርስ የነበረው ጡት ነው። በቃ ነጠፈ አልኩ።

እናቴ ልታርሰኝ ከደሴ መጥታ ነበር። ለክፉ ብላ አይደለም፣ ግን በየሰዓቱ «ይቺ ልጅ አልጠገበችም፣ ወተትሽ ቀጥኗል» ትለኛለች። ጎረቤት ትገባና «የኔም እንደዚህ ሆኖ በሁለተኛ ወሬ ጡጦ ጀመርኩ» ትላለች። ባለቤቴ ዝም ብሎ ያየኛል። አራስ ሆኖ ያላየው አያውቀውም፤ ልጄን እያስራብኳት ነው የሚል ሐሳብ አንዴ ከገባ እንቅልፍ የለም።

ይህን የምጽፈው በእነዚያ ሳምንታት ገንዘቤን ምን ላይ እንዳዋልኩና የትኛው እንደጠቀመኝ ለመናገር ነው። ዛሬ ልጄ አራት ወሯን ይዛለች፣ ከጡት በቀር ምንም አትወስድም። ጠቀመኝ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቤት ለቤት እየሄዱ ጡት የሚያጠቡ እናቶችን የሚያግዙ አንዲት አዋላጅ ነርስ። በግላቸው የሚሠሩ ሰው ስለሆኑ ስማቸውን አልጽፍም። ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ግን ከእሳቸው በፊት የገዛሁትን ልናገር።

አንደኛው ፓምፕ ነው። በቴሌግራም አይቼ ነው ያዘዝኩት፣ ሁለቱንም ጡት በአንድ ጊዜ የሚያልብ፣ በቻርጅ የሚሠራ። ዋጋው ቀላል አልነበረም። በማግስቱ ልጄ ጠብታ ስትተኛ ወዲያው አደረግኩትና 20 ደቂቃ ተቀመጥኩ። ከሁለቱም ጡት የወጣው ተደምሮ 20 ሚሊ ሊትር አልሞላም። ጡጦው ላይ ያለውን መስመር እያየሁ የተሰማኝን አልረሳውም። ይኸው ማስረጃው፣ ወተት የለኝም አልኩ። ለሦስት ቀን እንደዚያ እያለብኩ እየለካሁ፣ በለካሁ ቁጥር እያነሰ፣ እኔም እየባሰብኝ ሄድኩ። የጡቴ ጫፍ ቆስሎ ደም አወጣ። ዕቃው ራሱም ብዙ አልቆየም፤ ሳቡን የሚይዘው ትንሿ ላስቲክ በሦስተኛው ሳምንት ተቀደደች። ሻጩን መለዋወጫ ብለው «ሙሉውን ግዢ» አለኝ። ፓምፕ ለመግዛት ያሰበች ካለች ከማንም ነገር በፊት ላስቲኩና ጡት ላይ የሚገጠመው ኩባያ ለብቻቸው እንደሚሸጡ ትጠይቅ።

ሁለተኛው አብሽ ነው። ይሄ ከእናቴ ነው የመጣው፣ ያልገዛሁት ብቸኛ ነገር። አብሽ ጠዋት፣ አጥሚት ከሰዓት፣ ገንፎ ማታ። አጥሚቱን እወደዋለሁ፣ ትኩስ ነው፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ጡት የምታጠባ ሴት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ ስለሚያስፈልጋት ሆዷ መሙላቱ ግድ ነው። አብሹ ግን ሆዴን ነፋኝ፣ አስቀመጠኝም። ወተት ይጨምራል የሚለውም ጠንካራ ማስረጃ የለውም። የጠጡና ጨመረልን ያሉ ብዙ እናቶች አሉ፤ እኔ ለውጥ አላየሁበትም። ስኳር ያለባት እናት ደግሞ ብዙ አብሽ ስኳሯን ሊያወርድባት ስለሚችል ሐኪሟን ሳታማክር ባትጀምር ጥሩ ነው።

ሦስተኛው የቆርቆሮ ወተት ነው። በ18ኛው ቀን ሌሊት ባለቤቴን ልኬ ክፍት ፋርማሲ ፈልጎ አመጣ። 60 ሚሊ በጥብጬ በጡጦ ሰጠኋት። ጭልጥ አድርጋ ጠጥታ ሦስት ሰዓት ተኛች። እናቴ «አየሽ፣ ርቧት ነው» አለችኝ። እኔም አመንኩ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አንድ ጡጦ መስጠት ጀመርኩ፣ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሆነ፣ ጡቴ ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ ለሰለሰ። ይሄኔ ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የሲስተርን ስልክ የሰጠችኝ።

ሲስተር የመጡት በ22ኛው ቀን ነው። በ8 ሰዓት ተቀጣጥረን 9 ሰዓት ተኩል ደረሱ። ይሄ አንዱ ድክመታቸው ነው፣ እኛ ያለነው አያት ሰፈር በኩል ስለሆነና ታክሲ ስለሚይዙ ነው ብለው ይቅርታ ጠየቁ፣ ግን ቢያንስ ደውለው ማርፈዳቸውን ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ገብተው እጃቸውን ታጠቡ፣ ቡና አልፈልግም አሉ፣ እኔን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡኝና መጀመሪያ ስለ እኔ ጠየቁኝ። ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ነበር? የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ተብለሻል? እንቅርት አለብሽ? ጡትሽ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልሽ ያውቃል? የወሊድ መከላከያ ጀምረሻል? ለካ እውነተኛ የወተት ማነስ የሚያመጡ ነገሮች አሉ፣ እነሱ ካሉ ምክር ብቻውን ስለማይበቃ ወደ ሐኪም ይልካሉ። እኔ አንዱም አልነበረብኝም። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀኝም። ሁሉም ያለኝ «ብዪ፣ ጠጪ» ብቻ ነው።

ቀጥለው ከቦርሳቸው የሕፃን ሚዛን አወጡ። በግራም የሚለካ ዲጂታል ነው። ልጄ ስትወለድ 3,100 ግራም ነበረች፣ በአራተኛው ቀን ወደ 2,900 ወርዳለች፤ ይሄን ከካርዷ ላይ አነበቡት። አሁን ስትመዘን 3,480። ሲስተር ካርዱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ደመሩ ቀነሱና «በ18 ቀን 580 ግራም ጨምራለች፣ በቀን 32 ማለት ነው» አሉ። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመር ጥሩ የሚባል ነው። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት መቀነሱም የተለመደ ነው፣ እስከ ሁለተኛው ሳምንት የተወለደበትን ክብደት መልሶ መያዙ ነው የሚታየው። «ከዚህ ውስጥ የቆርቆሮው ድርሻ የመጨረሻዎቹ አራት ቀን ብቻ ነው። ሌላው በማን ወተት መጣ?» አሉኝ። አፌ ተያዘ።

ከዚያ እስኪርባት ጠበቅን። ይሄ ነው ከሁሉም የወደድኩት። አልቸኮሉም። ልጄ እጇን ወደ አፏ ስትወስድ፣ ጭንቅላቷን ስታዟዙር «አሁን ነው፣ ማልቀስ ከጀመረች ዘግይተናል» አሉ። እንደ ወትሮዬ ጡቴን ይዤ ወደ አፏ ሳቀርብ ዝም ብለው አዩኝና አስቆሙኝ። ችግሩ ቁጭ ብሎ ታየ። ልጄ ሆዷ ወደ ጣሪያ፣ አንገቷ ወደ እኔ ተጠምዝዞ ነበር የምትጠባው። ጎርሳ የምትስበውም ጫፉን ብቻ ነው። አዞሯት፣ ሆዷን ከሆዴ አጋጠሙ፣ አፍንጫዋን ከጡቴ ጫፍ ትይዩ አደረጉ። «አንቺ አትሂጂባት፣ እሷን አምጫት። አፏን እስክትከፍት ጠብቂ፣ ገና፣ ገና... አሁን!» ብለው ትከሻዋን ገፋ አደረጉልኝ። አገጯ ጡቴ ላይ ተለጠፈ፣ የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ተገለበጠ፣ ጠቆር ያለው የጡቴ ክፍል ከላይ በኩል እየታየ ከታች በኩል አፏ ውስጥ ገባ። ሕመሙ ወዲያው ጠፋ። ሦስት ሳምንት ጥርሴን ነክሼ ያጠባሁት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ሳበች፣ ከዚያ ረጋ ብላ በረጅሙ፣ በየመሐሉም ጉርጭ የሚል ድምፅ። «ይሄ የመዋጥ ድምፅ ነው፣ ጆሮሽን አልምጂው» አሉ። ስትደክም ጡቴን በእጄ ጭብጥ አድርጌ እንድይዝ አሳዩኝ፣ እንደገና ትውጣለች።

ልብሷን ሳንለውጥ፣ ዳይፐሯን ሳንነካ መልሰን መዘናት። 3,545።

65 ግራም። ወደ 65 ሚሊ ማለት ነው። ፓምፑ 20 እንኳን አልሞላም ካለኝ ጡት። ሲስተር አንዱ ጡት ማጥባት ከሌላው ይለያያል፣ በዚህ ቁጥር ብቻ አትታሠሪ ብለውኛል፣ ግን እኔ ለዚያች ቁጥር እስከ ዛሬ ባለውለታ ነኝ። ፓምፕ ያለሽን ወተት አይለካም፣ ፓምፑ ማውጣት የቻለውን ነው የሚለካው፤ ያውም ልጅ ጠብቶ ከጨረሰ በኋላ። የእኔው ደግሞ ኩባያው ለጡቴ ጫፍ ሰፊ ነበር፣ በየሳቡ አብሮ ዙሪያውን እየሳበ ነው ያቆሰለኝ። ኩባያ በሚሊ ሜትር ልክ እንዳለው እንኳን አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። እናቴ ጥግ ቁጭ ብላ ሁሉንም ስታይ ቆይታ «ታዲያ ሲስተር፣ ከጠገበች ለምንድነው ሰዓት ሳትቆይ የምትጠባው?» አለች። ሲስተር ዞረው «እትዬ፣ አገር ቤት ላም ነበረዎት?» አሏት። «ምነው፣ ነበረን እንጂ።» «ብዙ ቀን ሳትታለብ ብትቆይ ምን ትሆናለች?» እናቴ ወዲያው «ትነጥፋለቻ» አለች። «እና ይቺ ልጅ እያለበቻት ነው። ማታ ማታ ደጋግማ የምትጠባው ለነገ ትእዛዝ እየሰጠች ነው። ሰው መሐል ገብቶ ጡጦ ሲሰጣት ትእዛዙ ይቀራል።» እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች። ከዚያን ቀን በኋላ ጎረቤት ስትመጣ ስለ ላሟ የምትነግረው እናቴ ናት።

ይህን ሲያብራሩልኝ እንዲህ ነው ያሉት። ጡት በተጠባ ቁጥር ያመርታል፣ ሞልቶ በተቀመጠ ቁጥር ማምረቱን ይቀንሳል። አዲስ የተወለደ ልጅ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቱ ልክ ነው፣ ሁለትና ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ ሦስተኛው ወር ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊደጋግም ይችላል። ማታ ማታ ተደራራቢ መሆኑም የተለመደ ነው። የሌሊቱ ጡት እንዳይቀር ያሉኝ ወተት የሚያመርተው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ስለሚል ነው። ጡት መለስለሱም መንጠፍ አይደለም፤ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ጡት ምርቱን ከልጁ ፍላጎት ጋር ስለሚያስማማ ማጋቱ ይቀራል። የቆርቆሮው ወተት ያስተኛት በሆድ ውስጥ ቶሎ ስለማይፈጭ ነው፤ እነዚያ ሦስት ሰዓታት ግን ለእኔ ጡት ያልተጠባባቸው ሰዓታት ነበሩ።

ስለ ቆርቆሮው ወተት አልተቆጡኝም። ይሄን ልብ ብያለሁ፤ እኔ ራሴን በበቂ ሁኔታ ቀጥቼ ነበር። «ፈርተሽ ነው የሰጠሻት፣ ለልጅሽ ብለሽ ነው» አሉኝ። በአንዴ ሳይሆን አንዱን ጡጦ ዛሬ፣ ሁለተኛውን ከሁለት ቀን በኋላ አስተዉኝ። ሐኪም ክብደቷን አይቶ ያስፈልጋታል ያለው ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው፣ ያቺ እናት ያለ ሐፍረት ትስጥ።

ጠግባለች አልጠገበችም የሚለውንም ከልቅሶዋ እንዳልፈርድ አስተማሩኝ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ የራሰ ዳይፐር፣ ሽንቷ ነጣ ያለ፣ ካካዋ ቢጫ፣ ክብደቷ የሚጨምር ከሆነ በቂ እያገኘች ነው። ሽንቷ ጠቁሮ ካነሰ፣ ለመጥባት እንኳን የማትነቃ ድንዝዝ ያለች ከሆነ፣ ወይም በሁለት ሳምንት የልደት ክብደቷን ካልመለሰች ግን ሲስተርንም መጠበቅ አያስፈልግም፣ የዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ነው። ባለቤቴ የዳይፐር መቁጠሪያ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፎ በየቀኑ ጭረት ያደርግ ነበር። ዝም ብሎ ከሚያየኝ ሥራ አገኘ፣ እኔም ቀለለኝ።

ሲስተር አንድ ሰዓት ከሩብ ቆዩ። የከፈልኳቸው ከአንድ ቆርቆሮ ወተት ዋጋ ትንሽ ያነሰ ነው። በሳምንቱ ተመልሰው መጡና መዘኗት፤ ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ ነበር።

የማልወደው ነገር የለም አልልም። ማርፈዳቸውን ተናግሬያለሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ስልክ አያነሱም። ቤተሰብ አላቸው፣ አልፈርድባቸውም፣ ግን እናት የምትጨነቀው ማታ ነው፣ ቢያንስ የጽሑፍ መልእክት ጠዋት ላይ ቢመልሱ ጥሩ ነበር፤ አንዴ ጽፌላቸው የመለሱልኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሁሉንም የነገሩኝ በቃል ስለሆነ ግማሹን ባለቤቴ ባይጽፈው እረሳው ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምኑን ይይዛል? አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተው ቢሰጡ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።

ስለ ፓምፑ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ወር ላይ ባልገዛው ይሻለኝ ነበር። ሥራ ስገባ ግን ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ሕፃን ያለ ምንም ተጨማሪ ጡት ብቻ እንዲጠባ የሚመከረው ደግሞ 6 ወር ነው። መሐሉን የምትሞላው እናቲቱ ናት። እኔ አሁን በእጅ የሚጨመቀውን ርካሹን ፓምፕ ነው የምጠቀመው። መብራት ቢጠፋ አይመለከተው፣ ላስቲኩ ፋርማሲ ይገኛል፣ ለማጠብ ቀላል ነው። ሲስተር ያሳዩኝ በእጅ ማለብም ከየትኛውም ዕቃ ያላነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፦ ሞቅ ባለ ፎጣ ጡቱን አሙቆ፣ አውራ ጣትን ከላይ ሌሎቹን ከታች ከጫፉ ራቅ አድርጎ፣ መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ። የልጄን ፎቶ እያየሁ ካለብኩ ቶሎ ይወርዳል። ቢሮ ውስጥ በር የሚቆለፍበት ክፍል ለማግኘት ሁለት ሳምንት ለምኛለሁ። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ እኔ በበረዶ ማሸጊያ ቦርሳ ይዤ ቤት እገባለሁ።

እንደዚህ ዓይነት ሰው የምትፈልጊ ከሆነ ያዋለደችሽን አዋላጅ ወይም ልጅሽን የምታስከትቢበትን ጤና ጣቢያ ጠይቂ፤ ጤና ጣቢያው ራሱ አጎራረሱን በነፃ ያይልሻል፣ ሰልፉን ከቻልሽው። በግል የምትጠሪ ከሆነ ግን ስልክ ላይ ሁለት ነገር አጣሪ። በግራም የሚለካ ሚዛን ይዘው ይመጣሉ? ልጅሽ ስትጠባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብለው ያያሉ? ሁለቱንም አዎ ካሉሽ ቅጠሪያቸው። በቀጠሮው ሰዓት ላይ ጡጦም ጡትም ሰጥተሽ እንዳታስተኛት፣ ርቧት ነው መታየት ያለባት። እኔ 22 ቀን ቆየሁ፤ እግዜር ብሎ ሁለተኛ ከወለድኩ በአራተኛው ቀን እደውልላቸዋለሁ።